ስምንት ወር የሞነጫጨርኩት ማስታወሻ የት ገባ?

«ምንም የለበትም እኮ! ባዶውን ነው የላክልኝ?» አሉኝ አማካሪዬ በስልክ። ምን ልበል? ባለ 140 ገጹን ፒዲኤፍ ስምንት ወር ሙሉ በኢ-ሪደሬ (በመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያዬ) ብዕር ሳሰምርበት፣ ኅዳጉ ላይ ስሞነጫጭርበት ከርሜያለሁ። በቴሌግራም ስልከው አንዲት ሰረዝ እንኳ አብራው አልሄደችም።

በኋላ ነው የገባኝ። ይቺ ኢ-ሪደር በብዕር የተጻፈውን ፒዲኤፉ ላይ አታስቀምጥም፤ ለብቻው ትይዘዋለች። እኔ በኬብል የገለበጥኩት ዋናውን ፋይል ነው፤ እንዳስገባሁት ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ለካ ሜኑ ውስጥ ተደብቃ «ኤክስፖርት» የምትል ነገር አለች። እሷን ሲነኩ ነው ማስታወሻው ገጹ ላይ የሚያርፈው። የሦስት ወር ደመወዜን ስከፍል ይህን የነገረኝ ሰው የለም።

ሻጩን አሁን ባገኘው! «ፒዲኤፍ ታነባለች?» አልኩት። «በደንብ!» አለኝ። ማንበብማ የድሮዋ ባለ 6 ኢንችም ታነብ ነበር። ኤፎሩን (A4 ወረቀት የሚያህለውን) ገጽ ከግማሽ በታች አሳንሳ የጉንዳን ሰልፍ ታደርገዋለች እንጂ። ላጉላው ስል ግማሹ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ግራ ቀኝ ስጎትት የዓረፍተ ነገሩ መነሻ ይጠፋኛል። ባለ 10.3 ኢንቿን የገዛሁት ለዚሁ ነው። በእሷ ገጹ የዋናውን ቁመትና ወርድ 70 በመቶ ያህል ይዞ ነው የሚታየው፤ ባዶውን ጠርዝ ስቆርጠው ዓይኔን አያስቸግረኝም። እዚህ ላይ ሻጩ አልዋሸም።

«ሃይላይትስ፣ ጽሑፍ በቀለም ማድመቅ?» አልኩት። «ታደርጋለች!» አዎ፣ የተተየበውን። የእኔ ግማሹ ስካን የተደረገ የድሮ አማርኛ ጥናት ነው። ለእሷ ያ ፎቶ ነው። ቃል ልምረጥ ብል የሚመረጥ ነገር የለም፣ ልፈልግ ብል አታገኝም። በብዕር ማስመር ብቻ። ያ ብዕር ደግሞ የት እንደገባ አይተናል።

ብቻ አንድ ነገር አለ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋቢ ደርቤ፣ ጓንት አጥልቄ እጽፍባታለሁ። ስልኬ በጓንት ስነካው ይደነቁራል፤ የእሷ ብዕር ግን ጓንት ይኑር አይኑር ግድ የላትም። መብራት ሲጠፋም ቻርጅ አያሳስበኝም፤ የራሷ መብራት ስለሌላት ማታ ማታ በሻማ ነው እንጂ።

እና ባለፈው ቅዳሜ ቁጭ ብዬ 23 ፋይል አንድ በአንድ ኤክስፖርት አድርጌ ላክሁ። አማካሪዬ ማታ ደወሉ።

«አሁን ደርሶኛል። ግን ልጄ፣ ይሄ የእጅ ጽሑፍህ አይነበብም።»