የእንጨት ገበጣ ሲገዙ ጉድጓዱን በጣት ይፈትሹ

አዲስ አበባ ውስጥ በስጦታ ዕቃ ሱቆች ከሚሸጡት የእንጨት ገበጣዎች ለጨዋታ የሚሆነው ትልቁ፣ ከአንድ ወጥ እንጨት የተፈለፈለው ነው። መስቀልና ጎጆ የተቀረጸበት ትንሹ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ያምራል፤ ጉድጓዱ ግን አምስት ጠጠር ሲገባበት ጢም ይላል።

በየትንንሹ ከተማ ልጆች ገበጣን መሬት ቆፍረው፣ ጠጠር ወይም የፍየል በጠጥ ለቅመው ሲጫወቱ ጉድጓዱን የሚያወጡት በእጃቸው ልክ ነው። ለሱቅ የሚሠራ አናጺ የሚያወጣው ባገኘው ጣውላ ልክ ነው። ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል። ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለው ባለ ሁለት ረድፍ ገበጣ በየጉድጓዱ አራት አራት፣ በድምሩ 48 ጠጠር ይፈልጋል። ጨዋታው ሲሞቅ ግን አንዱ ጉድጓድ ብቻውን አሥራ አምስት ሊያጠራቅም ይችላል። ስለዚህ የአፉ ስፋት ወደ 7፣ ጥልቀቱ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ይህ ማለት ገበጣው ከግማሽ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አጠር ያለውን ሲያዩ ይጠርጥሩ።

አራት ጣትዎን ወደ ጉድጓዱ ሰድደው ውስጡን ይዳስሱ። በመሮ ተፈልፍሎ እንደ ጣባ የጎደጎደ ከሆነ ጠጠሩ በአንድ ዘገን ይወጣል። በማሽን ተበስቶ ግድግዳው ቀጥ፣ ወለሉ ደልዳላ ያለ ከሆነ ግን አንዲት ጠጠር ጥጉ ላይ ትቀራለች፤ በአንድ ጠጠር ደግሞ የመጨረሻዋ የምታርፍበት ጉድጓድ ይለወጣል። ጭቅጭቁን ለተጫዋቾች እንተወው።

እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፣ ብዙም አይጣመምም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይሰነጠቃል፣ ምክንያቱም መሀሉ ላይ የቀረው ግድግዳ ስስ ነው። ገልብጠው ጀርባውንና ጫፎቹን ይዩ፤ በስቱኮ የተደፈነ መስመር ካለ ይመልሱት። ወፍራም ቫርኒሽም ጠጠሩን ያዘልላል። ይህ እንኳ መላ አለው፦ ጉድጓዱን መጀመሪያ በ120፣ ቀጥሎ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ የተልባ ዘይት ሳስቶ ሁለት ጊዜ መቀባት፤ በመሀል አንድ ቀን ማድረቅ።

ታጣፊው ገበጣ ጠጠሩን በሆዱ ይዞ ስለሚዘጋ ለመንገደኛ ይመቻል። ነገር ግን ማጠፊያው ስስ ጠርዝ ላይ በአጭር ብሎን ስለሚታሰር ቶሎ ይላላል።

ሻጩ የሚሰጠውን ፍሬ እዚያው ይቁጠሩ። የብርጭቆ ብይ ይንከባለላል፣ ቦታም ይፈጃል፤ ባቄላ ይነቅዛል፤ ሽምብራ ቀላል ስለሆነ እየነጠረ ይወጣል። ከወንዝ ዳር የተለቀመ፣ ከባቄላ ትንሽ ተለቅ ያለ ልሙጥ ጠጠር የሚያህል የለም። ስልሳ ያህል ይልቀሙ፣ መጥፋቱ አይቀርም።

ቅር የሚያሰኘው፣ ሱቆቹ የሚይዙት ባለ ሁለት ረድፉን ብቻ መሆኑ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከመቶ በላይ የአጨዋወት ዓይነት መዝግበዋል፤ ባለ ሦስት ረድፉ፣ 18 ጉድጓድና 54 ጠጠር ያለው፣ ከነዚህ አንዱ ነው። እሱን የሚፈልግ አናጺ ዘንድ ሄዶ ማዘዝ አለበት። ሲያዝዙ ጠጠሮቹን ይዘው ይሂዱና አናጺው አሥራ አምስቱን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሮ፣ በእጁ ዘግኖ እያወጣ ይሞክረው።