የቮልሴን ጩኸት አስቀነስኩ፣ በሩ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ

ነሐሴ አጋማሽ ላይ መስቀል አደባባይ ቀይ መብራት ይዞኝ ፍሬን ስረግጥ ከግራ ክንዴ ስር «ቸብ... ቸብ» አለ። ጀሪካን የጫንኩ መሰለኝ። አልጫንኩም። ውሃው የነበረው በሩ ውስጥ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ናት፤ የ1972 እ.ኤ.አ. ቮልስ፣ 1300 የሚባለው ሞዴል። 44 የፈረስ ጉልበት ከኋላዬ ሲያጓራ፣ ያውም ድምፁን የሚውጥለት ውሃ በሌለው በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር፣ አጠገብ ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራት ወፍጮ ቤት ውስጥ ሐዘን እንደመድረስ ነው። ባለቤቴ ቢሾፍቱ እስክንደርስ አንድ ቃል አትናገርም። እኔ ኩርፊያ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ቆጠርኩባት።

አምና ሚያዝያ ላይ 34 ሺህ ብር ከፍዬ የድምፅ መከላከያ አስለበስኳት። በሮቹ፣ ወለሉና ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው ላሜራ ባለ አልሙኒየም ፊት የጎማ ልጣፍ ተለጠፈባቸው፤ ወለሉ ላይ ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ የመሰለ ነገር፣ ከዚያ በላይ አዲስ ሞኬት። ሻጩ «ወንድሜ፣ ከዚህ በኋላ የምትነዳው ሌክሰስ ነው» አለኝ። አልሆነችም። በሩን ሳንኳኳው ግን ቆርቆሮነቱ ቀርቶ እንደ ቁም ሳጥን ድፍን ድምፅ ሰጠኝ፤ እሱን አልክድም። ልጣፉ ላሜራው እንዳይርገበገብ ይይዘዋል፤ በቀዳዳ የሚገባውን ጩኸት ግን አያስቆምም። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ሜካኒኬ በትንሽ ብር የቀየረልኝ በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማና የበሮቹ ጎማ ነው። ይሄን ሻጩ ለምን ይንገረኝ? ጎማ አይሸጥ!

በዚያ ሳምንት ቃሊቲን እንዳለፍን ባለቤቴ «ቀስ በል እንጂ» አለች። ሰማኋት። ይሄን ለስንት ዓመት ስትለኝ እንደኖረች እንጃ።

ክረምት ገባ። የማንኛውም መኪና በር ውሃ ያስገባል፤ መስታወቱ በሚወርድበት ክፍተት ዝናቡ ይንጠባጠባል። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ይሄን ስለሚያውቁ ከበሩ ታች ማፍሰሻ ቀዳዳ ትተዋል። የእኔ ለጣፊ ግን ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ቀዳዳዎቹንም አልብሷቸዋል። ሮለሩን እየገፋ አንዲት አረፋ ሳያስቀር ሲለጥፍ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ እንዲያውም «እጅህ ይባረክ» ብዬዋለሁ። ከፓኔሉ፣ ማለትም ከበሩ የውስጥ ሽፋን፣ ጀርባ የነበረውንም ፕላስቲክ «ይሄ ቆሻሻ» ብሎ ጣለው። ያ ቆሻሻ ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይመጣ የሚከለክለው ነበር።

ስለዚህ በሩ ሞላ፣ ፓኔሉ ራሰ፣ የተረፈው ወደ ወለሉ ወረደ። ብርድ ልብሱ ሰኔንና ሐምሌን ሙሉ ሲጠጣ ከርሟል። ሞኬቱን ስገልጠው የከረመ እርጥብ ጆንያ ሸተተኝ፤ አንዱን ጫፍ ይዤ ስጨምቀው የቡና አጣቢ የመሰለ ውሃ ወረደ። ከፍሪሲዮኑ ስር ቀለሙ አብጧል። በካቻቢቴ ነካ ሳደርገው ካቻቢቴው አለፈና አስፋልቱን አየሁት። ቮልስ በወለሏ እንደምትታመም የማያውቅ ባለቮልስ የለም፤ ከኋላ ወንበር ስር፣ ባትሪው ያለበትን ቦታ አባቴም በዘመኑ አስበይዶታል። ያ ግን ዕድሜ ያመጣው ነው። ይሄኛውን ከፍዬ ነው ያመጣሁት።

ሻጩን አሁን ባገኘው «ችግሩ የለጣፊው እንጂ የዕቃው አይደለም» ይለኛል። ይሁንለት፣ ለጣፊውንስ ማን አመጣው? «ውሃ የሚባል አያስገባም» ብለኸኝ አልነበረም? እውነትህን ነው። አያስወጣም ደግሞ! አንድ ቃል፣ «ቀዳዳው ክፍት ይሁን» የምትል አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?

የባለቤቴን የፀጉር ፎን ለምኜ ልጣፉን እያሞቅኩ በቢላ ቀዳዳዎቹን ከፈትኩ። ጫማዬ ላይ የፈሰሰው ውሃ ዝገት ዝገት ይሸታል። ብርድ ልብሱን ጣልኩት፤ በምትኩ ውሃ የማይመጥ ስፖንጅ አነጠፍኩ፣ አላጣበቅኩትም፣ በፈለግኩ ጊዜ ብድግ አድርጌ አየዋለሁ። ለፓኔሎቹ ወፍራም ላስቲክ ቆርጬ ራሴ ለጠፍኩ። ወለሉ ተበየደ፤ ስንት እንደፈጀ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነበዋለች።

ድጋሚ አደርገዋለሁ ወይ? ነሐሴ ላይ ብትጠይቁኝ ልጣፉን ከነሻጩ እረግም ነበር። አሁን 11 ወር ሊሞላው ነው፣ ልጣፉ ከበሮቹ ላይ አልተነሳም፣ ቢሾፍቱ እያወራን ነው የምንደርሰው። ብርድ ልብሱን ግን በነፃም አምጥታችሁ አታሳዩኝ።

ትናንት ማታ ያ የመጋቢት ዝናብ ሲወርድ ከቤት በር ላይ አቆምኩና ወርጄ እጄን ከበሩ ስር ዘረጋሁ። ጠብ... ጠብ ይላል። ቀና ስል ባለቤቴ በወዲያኛው በኩል ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ ጎንበስ ብላለች።

«የእኔም ይፈሳል» አለችኝ።