ለኤዱኬሽን ዩኤስኤ አማካሪዎች ምስጋና፣ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ወላጆች ጥቆማ

አዲስ አበባ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምናስተምር፣ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚያመለክቱ ልጆች የድጋፍ ደብዳቤ የምንጽፍና ትራንስክሪፕት የምንልክ መምህራን ነን። በአሜሪካ ኤምባሲ የሚሠሩትን የኤዱኬሽን ዩኤስኤ አማካሪዎች በአደባባይ ማመስገን ይገባናል። ምክራቸው በነጻ ነው። አገልግሎቱ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በመሆኑ ተማሪ ባስገቡ ቁጥር ከዩኒቨርሲቲ የሚያገኙት ኮሚሽን የለም። ወላጆች፣ ለማንኛውም ኤጀንት ብር ከመክፈላችሁ በፊት እነሱን አነጋግሩ።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው እውነቱን ስለሚናገሩ ነው። «ልጄ ሃርቫርድ የመግባት ዕድሉ ምን ያህል ነው?» ተብለው ሲጠየቁ «አይዞህ፣ ይገባል» ብለው አይሸኙም። ሃርቫርድ በፈረንጆቹ 2024 ከ54 ሺህ አመልካቾች የተቀበለው 1,937 ነው፤ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። ኤምአይቲ በሚቀበላቸው የውጭ አገር ተማሪዎች ቁጥር ላይ ገደብ ስላለው ለእኛ ልጆች ዕድሉ ከመቶ ወደ ሁለት ገደማ ይወርዳል። ይህን ከተናገሩ በኋላ ግን ወደ ሌላ ጥያቄ ይሻገራሉ፦ ቤተሰቡ በዓመት ስንት ዶላር መክፈል ይችላል? የውጭ አገር ተማሪ ዕድል ከማርክ በፊት የሚለየው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ኤጀንቶች ግን አያነሱትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝ፣ ቦውደንና ብራውን ለውጭ አገር አመልካችም «ኒድ ብላይንድ» ናቸው። ልጁ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቁ በቅበላው ውሳኔ ላይ አይቆጠርበትም፤ ከተቀበሉትም የጎደለውን ሁሉ ይሸፍናሉ። ዳርትመዝና ቦውደን ወደዚህ ዝርዝር የገቡት በ2022 ነው፤ ብራውን ደግሞ በ2025 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም የሚዞረውን አሮጌ ዝርዝር አትመኑ። ስታንፎርድ፣ ኮሎምቢያ፣ ዱክ፣ ዊሊያምስና ሌሎች ብዙዎች ግን «ኒድ አዌር» ይባላሉ፤ የተቀበሉትን ልጅ ሙሉ በሙሉ ይደግፋሉ፣ ከመቀበላቸው በፊት ግን ምን ያህል እንደሚያስወጣቸው ያያሉ። የካሊፎርኒያን የመሳሰሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ አገር ተማሪ በችግር ላይ የተመሠረተ ድጋፍ አይሰጡም። ስማቸው ትልቅ ቢሆንም፣ መክፈል ለማይችል ቤተሰብ የማመልከቻ ገንዘብ ማባከኛ ናቸው።

ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። «ዕድልህ እንዲሰፋ ድጋፍ አልፈልግም በል፤ ከገባህ በኋላ ትጠይቃለህ» የሚል ምክር ከተማው ውስጥ ይሸጣል። ልጁን ይቀበሉታል፤ ከዚያ በዓመት ከ80 እስከ 90 ሺህ ዶላር የሚደርስ ሂሳብ ይመጣል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሲያመለክት ድጋፍ ያልጠየቀን የውጭ አገር ተማሪ በኋላ እንዲጠይቅ አይፈቅዱም፤ አንዳንዶቹ ለአራቱም ዓመት ይዘጉታል። አማካሪዎቹ ይህን መጀመሪያ ቀን ስለሚያስረዱ ብቻ የስንቱ ቤተሰብ እንባ ቀርቷል።

ሁለተኛው ውለታቸው ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን የቤተሰብ ገቢ መጠይቅ ወላጆች እንዲረዱት ማድረጋቸው ነው። ክፍያው ለመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ነው። መጠይቁ ራሱ ከክፍያ ነጻ የሚያደርገው በአሜሪካ ያሉትን ነው። የኛ ልጅ ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ቢሮ በኢሜይል ጽፎ የነጻ ኮድ መጠየቅ አለበት፤ ሲጠየቁ የሚሰጡ አሉ።

መጠይቁን ስትሞሉ የምትጽፉበትን ገንዘብ ብር ብላችሁ ምረጡና ቁጥሩን በብር ጻፉ። ዓመታዊ ገቢ በሚጠየቅበት ቦታ የወር ደመወዝ መጻፍ፣ ወይም ብር ተመርጦ ሳለ በዶላር መሙላት በየዓመቱ የሚደጋገም ስህተት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ነገሩ ሌላ ማብራሪያ ይፈልጋል። በወር 30 ሺህ ብር የሚያገኝ ቤተሰብ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር በዓመት 6,300 ዶላር ገደማ ነበረው፤ ዛሬ ያው ደመወዝ ከ3 ሺህ በታች ነው። ያለፈውን ዓመት ገቢና የዘንድሮውን ጎን ለጎን ለሚያይ የአሜሪካ የድጋፍ ቢሮ ሠራተኛ ይህን የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉለት።

ቤትም እንዲሁ ነው። ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት በገበያ ዋጋ ብዙ ሚሊዮን ብር ስለሚያወጣ ደመወዝተኛውን ሀብታም ያስመስለዋል። መሬቱ የመንግሥት መሆኑን፣ ቤተሰቡ ሌላ መኖሪያ እንደሌለውና ከቤቱ የኪራይ ገቢ እንደማያገኝ በግልጽ አስረዱ። ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክ ገንዘብ ካለም ይጻፍ። የሚሸሸግ ነገር አይደለም፤ በኋላ በባንክ ስቴትመንት ላይ ብቅ ሲል ግን ጥርጣሬ ያመጣል። የደመወዝ ማረጋገጫው ማህተም ያለውና በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ይሁን። ነጋዴ የግብር ደረሰኙን፣ ገበሬ ከቀበሌው የሚያገኘውን ደብዳቤ ያያይዝ።

እኛን መምህራንን ደግሞ የበለጠ የጠቀመን ስለ ትምህርት ቤቱ መግለጫ የሰጡን ምክር ነው። ከትራንስክሪፕቱ ጋር የሚላክ «ስኩል ፕሮፋይል» የሚባል አንድ ወይም ሁለት ገጽ ወረቀት አለ። ብዙ ትምህርት ቤት የመሥራቹን ታሪክና የሕንጻውን ፎቶ ይሞላበታል። መሞላት ያለበት የአገራችንን የማርክ አሰጣጥ የሚያስረዳ ነገር ነው። በብሔራዊ ፈተናው 70 በመቶ ያመጣች ልጅ አሜሪካ ላለ አንባቢ መካከለኛ ተማሪ ትመስላለች። ወረቀቱ ላይ ግን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተጻፈ ያቺው 70 ሌላ ቁጥር ትሆናለች። እነዚህን አራት ቁጥሮች መግለጫው ላይ ያላሰፈረ ትምህርት ቤት ዛሬውኑ ያስፍር፤ ለጎበዝ ልጆቹ ከዚህ የበለጠ ርካሽና የሚጠቅም ነገር ሊያደርግ አይችልም።

12ኛ ክፍል ሆነው የሚያመለክቱት የፈተናው ውጤት ገና ስለማይደርስላቸው የ9ኛ፣ 10ኛና 11ኛ ክፍል ማርካቸው ነው የሚታየው። ውጤቱ መስከረም አካባቢ ሲወጣ አሜሪካ ትምህርት ተጀምሯል፤ መምህሩ ይህንንም በደብዳቤው ይጥቀስ። ትራንስክሪፕቱ ላይ ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ ልጁ ከሰባት ዓመት በፊት የጨረሰ ይመስላል፤ የፈረንጁንም አቆጣጠር ጨምሩበት። ሰነዱ የሚላከው በመምህሩ ወይም በትምህርት ቤቱ አማካሪ የኮመን አፕ (ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) አካውንት ነው እንጂ በተማሪው አይደለም። የትምህርት ቤት ኢሜይል ካለ ከጂሜይል ይልቅ እሱን ተጠቀሙ።

ስም ላይ ብዙ ልጅ ይሰናከላል። ፓስፖርት ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ፤ ትራንስክሪፕት ላይ ሁለቱ ብቻ፤ የምስክር ወረቀቱ ላይ ደግሞ ፊደሉ በሌላ አጻጻፍ። ለኤስኤቲ (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና)፣ ለዱኦሊንጎ ወይም ለቶፍል (የእንግሊዝኛ ፈተናዎች)፣ ለኮመን አፕና ለሲ ኤስ ኤስ ስትመዘገቡ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ተከተሉ። የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም ለምን እንደማይመሳሰል ደግሞ በተጨማሪ መረጃ ሳጥኑ ውስጥ በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጹ፤ አለበለዚያ የአባትየው የገቢ ሰነድ የሌላ ሰው ይመስላል።

ስለ ፈተና፦ በኮቪድ ጊዜ ኤስኤቲ ቀርቶ ነበር የሚለው ወሬ ጊዜው አልፎበታል። ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትመዝ፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ በ2024 መልሰውታል። ዬል ከኤስኤቲ፣ ከኤሲቲ፣ ከኤፒ ወይም ከአይቢ ፈተናዎች የአንዱን ውጤት ይቀበላል። ኤስኤቲ አሁን በላፕቶፕ ነው፤ 98 ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ብሉቡክ የተባለውን መተግበሪያ ቀድማችሁ ጫኑ፤ የመፈተኛ ትኬቱን ከፈተናው በፊት ባሉት ቀናት አውጡ። ባትሪ የማይዝ ላፕቶፕ አትውሰዱ፤ ኔትወርክ ቢቋረጥ ፈተናው ይቀጥላል፣ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ግን ጭንቅ ነው። አሜሪካ ለማይኖር የውጭ አገር ዜጋ የኤስኤቲ ክፍያ ምሕረት የለም። በካርድ የሚከፍል ዘመድ ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ካላችሁ ለምዝገባው ቀደም ብላችሁ ንገሩት፤ ወንበሩ ጥቂት ነው።

አማካሪዎቹ ኤሴይ (ከማመልከቻው ጋር ተማሪው ስለ ራሱ የሚልከውን ጽሁፍ) አይጽፉላችሁም፤ ስለዚህም እናከብራቸዋለን። 650 ቃል የሚፈቀድለትን ጽሁፍ ገንዘብ ተቀብሎ የሚጽፍ ሰው የአንድን ልጅ ታሪክ ለአሥር ልጅ ይሸጣል፤ ከተደረሰበት የተሰጠው ቅበላ ይሰረዛል። ኮመን አፕ ላይ ሥራና ተሳትፎ የሚዘረዘርበት ቦታ አሥር መስመር አለው፤ እያንዳንዱ 150 ሆሄ ብቻ ይይዛል። ታናናሾችን ማሳደግ፣ ሱቅ መጠበቅ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ማስተማር እዚያ ይገባል። ልጆቻችን «ክለብ የለኝም» ብለው ባዶ የሚተዉት ይህን ነው፤ አማካሪዎቹ ግን ጠይቀው ያወጡታል።

በዲቪ ግሪን ካርድ ያገኘ ልጅ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እንደ አሜሪካዊ ተማሪ ስለሚታይ የፌዴራል ድጋፍ መጠየቅ ይችላል፤ ኤጀንት ግን እንደ ውጭ አገር ተማሪ ሲያስከፍለው እናያለን።

ዝርዝራችሁን ስታወጡ ሁለት ወይም ሦስት ኒድ ብላይንድ፣ ከዚያ የሚበዙ ሙሉ ድጋፍ የሚሰጡ ትንንሽ ኮሌጆች ይሁኑ። ኬንታኪ ያለውን ቤሪያ ኮሌጅ አትርሱ፤ ለትምህርት አያስከፍልም፣ በየዓመቱ ወደ 30 የውጭ አገር ተማሪ ይቀበላል። ኮመን አፕ ከ20 በላይ አይፈቅድም፤ በኛ ግምት ከ12 በላይ የሚያመለክት ልጅ የእያንዳንዱን ተጨማሪ ጽሁፍ በጥራት አይጨርስም። ኮመን አፕ የሚከፈተው ሐምሌ 25 ነው፤ ቀደምት ማመልከቻ ጥቅምት 22 ገደማ፣ መደበኛው ታኅሣሥ 23 ገደማ ይዘጋል። ሰዓቱ በአገራችን ሰዓት ከምሽቱ 5፡59 ነው፤ የቀኑን 6 ሰዓት አድርጎ የሚያስበውም፣ እስከ ንጋት የሚጠብቀውም አለ።

ከአማካሪዎቹ ጋር ለመጀመሪያው ቀጠሮ ከ11ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ ሳያልፍ ሂዱ። የሦስት ዓመት ማርክ፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የቤተሰቡ ገቢ በአንድ ገጽ የተጻፈበት ወረቀትና በዓመት ለመክፈል የምትችሉትን እውነተኛ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ፤ አማካሪዎቹ ከዜሮ ተነስተው ዝርዝር ማውጣት ያውቁበታል። እግዜር ይስጥልን።