ማሽኑ አምስት ኮከብ፣ መስኮቱ ሁለት፦ በርበሬዬን ያስመረመርኩበት ላቦራቶሪ

ኮምቦልቻ ላይ በርበሬ፣ ሽሮና ምጥን አሽጌ እሸጣለሁ። አብዛኛው የሚሄደው እዚሁ ደሴ፣ ሐይቅና ከሚሴ ነው። ከዓመት ወዲህ ግን ጀርመን አገር ሱቅ ያላት የአጎቴ ልጅ መውሰድ ጀመረች። "የአፍላቶክሲን ወረቀት ከሌለው አልረከብም" ብላ ይሄን ሁሉ መዘዝ የጎተተችው እሷ ናት፤ አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚተፋው መርዝ ነው። በዚህ ሰበብ አዲስ አበባ ላለ አንድ የግል ላቦራቶሪ እስካሁን ሦስት ጊዜ ናሙና ሰጥቻለሁ። ስሙን አልጠራም። ገና አብረን እንሠራለን፣ ቅሬታዬንም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ግን የምታውቁኝ የበርበሬና የለውዝ ነጋዴዎች "እንዴት ነው ነገሩ?" እያላችሁ ስለምትደውሉልኝ ያየሁትን ልጻፈው።

የመጀመሪያው ጊዜ በስልክ ነው ያለቀው። የመቀበያ መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ "ግማሽ ኪሎ ላኪ፣ ስምሽንና ስልክሽን ጻፊበት" አለችኝ፤ በቃ። እኔም እንደ ማንኛውም ነጋዴ ካሉኝ 12 ጆንያዎች በጣም የቀላውን መርጬ፣ ከአፉ ላይ ዘግኜ፣ በላስቲክ አሽጌ፣ በማውቀው ሹፌር እጅ በሌሊቱ መኪና ላክሁ። ለሙሽራ ቤት እንደሚላክ አገልግል አሳምሬ ነው የላክሁት፣ አልዋሽም።

"በ5 የሥራ ቀን ይደርሳል" የተባለው ውጤት በ11ኛው ቀን መጣ። ስደውል መጀመሪያ "ሲስተም የለም"፣ ቀጥሎ "መብራት ጠፍቶ ነበር"፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ "ኬሚካል አልቆ ነው" አሉኝ። ሦስቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን አንድ ቀን እንኳ እነሱ ቀድመው ቢደውሉ ምን ነበረበት? ወረቀቱ በቴሌግራም ነው የደረሰኝ፣ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ። በየመስመሩ "ኤን ዲ" የሚል አለ። አሥረኛ ክፍል የሚማረው የእህቴ ልጅ "አልተገኘም ማለት ነው አክስቴ" ሲለኝ አልሃምዱሊላህ ብዬ 200 ኪሎ ጫንኩ።

ዕቃው እዚያ ሲደርስ የድንበር ተቆጣጣሪዎቹ የራሳቸውን ናሙና ወስደው መረመሩት። ከአፍላቶክሲን ዓይነቶች አንዱ የሆነው ቢ1 ከወሰን በላይ ሆኖ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የሚፈቅደው ቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም ነው፤ አራቱ ዓይነቶች ተደምረው ደግሞ ከ10 መብለጥ የለባቸውም። 5 ማይክሮግራም በኪሎ ማለት በአንድ ቶን በርበሬ ውስጥ 5 ሚሊግራም ነው፤ በሁለት ጣት ቆንጥራችሁ የምታነሱትን ጨው እንኳ አይሞላም። ለዚያች ለማትታይ ነገር 200 ኪሎ በርበሬዬ ተቃጠለ፣ የማስወገጃውም ዋጋ በእኔው ላይ ታሰበ። ወላሂ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። እናቴ ደሴ ሆና ስትሰማ "ታምሶ የለም እንዴ? እሳት ያላጠፋውን ምን ያጠፋዋል?" አለች። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሻጋታው በእሳት ይሞታል፤ የተፋው መርዝ ግን በምጣድ ሙቀት የሚበገር አይደለም።

በማግስቱ ወረቀቱን በቦርሳዬ ይዤ፣ 370 ኪሎ ሜትር በንዴት ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ለጠብ ነው የሄድኩት። መስኮቷ ላይ ያችው ልጅ ቀና ሳትል "ናሙናሽ ንጹህ ነበር" አለችኝ። "ታዲያ ጀርመን ያለው መሣሪያ ነው የሚዋሸው?" ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ከውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ወጣ። አነጋገሬን ሰምቶ "እትዬ፣ ከየት ነው የመጡት? ከወሎ?" አለኝ። የሐይቅ ልጅ ነው። "አብሽሩ፣ ይግቡና በዓይንዎ ይዩት" ብሎ ጫማዬ ላይ የላስቲክ ሽፋን አስደርጎ ወደ ውስጥ ወሰደኝ። ለማሽኑ አምስት ኮከብ ያሰጠኝ ይሄ ልጅ ነው፤ ካስፈለገ ስድስት።

ማሽኑን ኤችፒኤልሲ ይሉታል፤ ፈሳሽ እየገፋ የተደባለቀን ነገር የሚለይ መሣሪያ ነው። ሳየው አሳዘነኝ፤ ለዚያ ሁሉ ገንዘብ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። የድሮ ዴክ የመሰሉ ሳጥኖች ተደራርበው፣ አናቱ ላይ ጠርሙሶች ተቀምጠዋል። በጠርሙሶቹ ውስጥ ውሃ፣ ሜታኖልና አሴቶናይትራይል የሚባል ፈሳሽ አለ። ያለቀብን ያሉኝ ኬሚካል ይሄ ሦስተኛው ነበር። ፓምፑ በደቂቃ አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ ይገፋል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ግፊቱ 140 ባር ይላል። የመኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል ቢሆን ነው። "ለዚች ጠብታ ይሄ ሁሉ ጉልበት ለምን?" ስለው በር ከፍቶ አንዲት የብረት ቱቦ አሳየኝ። 25 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ ቀዳዳዋ የገብስ ቅንጣት በጭንቅ የሚያልፍባት ናት። ኮለም ይሏታል። ውስጧ ከኛ ሽሮ ብዙ እጥፍ በላመ ዱቄት ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሞልቷል፤ አንዷ ቅንጣት 5 ማይክሮን፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሜትር ለሁለት መቶ ተከፍሎ አንዱ እጅ። በዚያ መሀል ፈሳሽ ለማሳለፍ ነው ጉልበቱ።

ቀጥሎ የነገረኝን እንዳለ ላስቀምጠው፤ ከዚያ ወዲህ ለስንቱ ተርኬዋለሁ።

"እትዬ፣ ሰኞ ጧት ወደ ባቲ ገበያ አብረው የተነሱ አራት ሰዎች ያስቡ። መንገዱ አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ። አንደኛው አንገቱን ደፍቶ ይነጉዳል። ሌላው ሰው ባገኘ ቁጥር ቆሞ 'እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡስ' ይላል። ገበያው በር ላይ ቆመው ሰዓት ቢይዙ ማን መቼ እንደደረሰ አይተው ማንነቱን ያውቃሉ።"

ዱቄቱ ላይ ባለ 18 ካርቦን ሰንሰለት ተለጥፎበታል፤ ጠባዩ እንደ ስብ ነው፤ ለዚህ ነው ኮለሙን ሲ18 የሚሉት። ውሃ የሚወደው ነገር ከፈሳሹ ጋር ቶሎ ይወጣል፤ ስብ የሚወደው እዚያም እዚህም ሰላምታ ሲያበዛ ይዘገያል። ከአፍላቶክሲኖቹ ቀድሞ የሚደርሰው ጂ2 ነው፤ ከዚያ ጂ1፣ ከዚያ ቢ2፣ መጨረሻ ቢ1። ከአራቱ ክፉው፣ ጉበት ላይ ካንሰር የሚያመጣው፣ ቢ1 ነው። "ሰላምታ የሚያበዛውን አትመኑ ማለት ነው" ብዬ አሳቅሁት።

በሩ ላይ ቆሞ ሰዓት የሚይዘው ደግሞ ብርሃን ነው። ከኮለሙ የሚወጣው ፈሳሽ ላይ ዓይን የማያየው ጨረር ይበራበታል፤ አፍላቶክሲን ካለ መልሶ ይፈካል። ቢ እና ጂ የተባሉትም በዚሁ ነው፤ የሰማያዊና የአረንጓዴ የእንግሊዝኛ ስማቸው መነሻ ፊደላት ናቸው። ቢ1 እና ጂ1 እንዲህ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ፍካታቸው ይደክማል፤ ስለዚህ ከኮለሙ ወጥተው መፍካታቸው ከመለካቱ በፊት በሌላ መብራት ሥር አሳልፈው ያበረቷቸዋል። በርበሬውም እንዳለ አይገባም። 25 ግራም ተመዝኖ፣ በሜታኖልና በውሃ ተበጥብጦ፣ ተጣርቶ፣ አፍላቶክሲንን ብቻ መርጦ በሚይዝ ትንሽ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል። ያ ቀይ ቀለም ሁሉ ታጥቦ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሚቀረው እንደ ውሃ የጠራ ነገር ነው። ማሽኑ የሚወስደው ከእሱ ላይ ከአንድ ጠብታ ያነሰ ነው።

የዘዴው ጀማሪ ሚካኤል ጽቬት የተባለ ራሺያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው አለኝ፤ በፈረንጆቹ 1900ዎቹ መጀመሪያ የቅጠልን ቀለም በኖራ ዱቄት በተሞላ ቱቦ እያሳለፈ አረንጓዴውን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ ለየ። ጽቬት በራሺያኛ ቀለም ማለት ነው፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል ማለት ይሄ አይደል።

ከዚያ የእኔን ፋይል ከፈተው። መጀመሪያ ልኩ የሚታወቅ መርዝ የተጨመረበትን አሳየኝ፤ ስክሪኑ ላይ አራት ሹል ተራሮች ተራ በተራ ቆመዋል። ከሥሩ የእኔን አደረገው፤ ከቦሩ ሜዳ የባሰ ሜዳ! አራተኛው ተራራ መቆም ያለበት ቦታ ላይ እጄን አስቀምጬ አየሁ፤ ምንም የለም። "ይሄ የላኩት ግማሽ ኪሎ ነው። የቀሩትን ጆንያዎች ግን እኔ አላየኋቸውም" አለኝ። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቶ ከታች በጥቃቅን ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ፦ ውጤቱ የሚመለከተው ለላቦራቶሪው የቀረበውን ናሙና ብቻ ነው። ጠቤ እዚያው ሟሟ። ንዴቴ ግን አልሄደም፣ ወደ መስኮቱ ዞረ እንጂ። ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ በስልክ ሁለት ደቂቃ ቢነግሩኝ፣ ያችን መስመር በአማርኛ ቢጽፏት፣ ያ ሁሉ በርበሬ አይቃጠልም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻጋታ እንደ ጨው እኩል አይበተንም፤ እርጥበት ያገኘበት ላይ ይሰፍራል። አንድ ዛላ መርዝ ሞልቶበት ጎረቤቱ ንጹህ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ነጋዴ ዛላው እንዳይሰበር፣ ሚዛንም እንዲደፋ ውሃ እንደሚረጭበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ዝም ብለን ነው።

ቤት ተመልሼ በ12ቱም ጆንያ ውስጥ የቀረውን ልጁ እንደነገረኝ ፈተሽኩ። በመውጊያ ብረት ከእያንዳንዱ ከአፉ፣ ከወገቡና ከእግሩ ወሰድኩ። ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ የነበረው አንዱ፣ ከታች ስወጋው ብረቱ ላይ ትንሽ እርጥበት ነበረው። እሱን ለብቻ፣ የቀሩትን 11 ቀላቅዬና አስፈጭቼ ለብቻ ላክሁ። በ6 ቀን መጣ። የ11ዱ ድብልቅ "ኤን ዲ"፤ የግድግዳው ጆንያ ግን ቢ1 በኪሎ 31 ማይክሮግራም። በዚህ ጊዜ ልጁ የተራሮቹን ሥዕል አብሮ ላከልኝ፤ አራተኛው ቦታ ላይ የቆመውን ሳይ ዓይኔን ሸፈንኩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። 12ቱንም ቀላቅዬ አንድ ናሙና ብልክ ኖሮ 31 ለ12 ተካፍሎ ወደ ሁለት ተኩል ይወርድና ወረቀቱ አሁንም "ያልፋል" ይለኝ ነበር። ከዚያ ከግድግዳው ጆንያ የታሸገው ላስቲክ ድንበር ላይ ሲከፈት ደግሞ 31። "እንግዲያው ሁሉንም አደባልቄ ብፈጨውስ?" ብዬ ጠይቄው ነበር። ሕጋቸው የተበከለን ከንጹህ ጋር ቀላቅሎ ማሳለፍን ይከለክላል፣ ደግሞስ ለሰው ሆድ ነው አለኝ፤ አፈርኩ። ጆንያውን ከግቢው ጀርባ አቃጠልኩት። ጭሱ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያስነጥስ ዋለ።

ሦስተኛው የአዲሱ ምርት ነበር፤ ጣጣ የለውም፣ በ7 ቀን መጣ።

ዋጋውን እዚህ የማልጽፈው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ነው። ግን ደውላችሁ ስትጠይቁ "አፍላቶክሲን አራቱም አንድ ላይ ስንት?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ኦክራቶክሲን የተባለው ሌላው የሻጋታ መርዝ ለብቻ ይከፈልበታል፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም ከላይ አለ። በርበሬ ላይ የሚጨመረውን ሱዳን የተባለ የፋብሪካ ቀለም በዚሁ ዓይነት ማሽን ያዩታል፣ ግን ሌላ ምርመራ ነው፣ ሌላ ሂሳብ። የጡብ ዱቄት የጠረጠራችሁ ደግሞ ለዚህ ማሽን ገንዘብ አታውጡ፤ ጡብ አይሟሟም፣ በኮለሙም አያልፍም። ለሱ አቃጥለው አመዱን የሚመዝኑበት ርካሽ ምርመራ አለ። ይሄን መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ አትነግራችሁም፤ ጋውን የለበሰውን አስጠሩ።

ናሙና ስትልኩ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት አድርጉት፣ በላስቲክ ያልባል። ከተቻለ ሰኞ ሌሊት ጭናችሁ ማክሰኞ ይድረስ። ዓርብ ከደረሰ እስከ ሰኞ መደርደሪያ ላይ ያድራል፣ ያውም መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል።