ኳሱን መመለስ ወይስ አለመመለስ፦ ሁለት የፕሮባቢሊቲ ስሌቶች

በአንድ ከረጢት ውስጥ 5 ቀይና 3 ሰማያዊ ኳሶች አሉ። ሳናይ አንድ በአንድ ሁለት እናወጣለን። ሁለቱም ቀይ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው?

የመጀመሪያውን ከመለስነው ሥራው ቀላል ነው። ከረጢቱ እንደነበረ ስለሚሆን ኩነቶቹ፣ ማለትም የሁለቱ ኳሶች አወጣጥ ውጤቶች፣ አይነካኩም (ነጻ ናቸው)፤ 5/8 በ5/8 ሲባዛ 25/64፣ ማለትም 0.39 ገደማ ይሆናል።

ካልመለስነው ነገሩ ይወሳሰባል፣ ይጣፍጣልም። ቀይ ወጥቶ ከሆነ ከቀሩት 7 ኳሶች ቀዮቹ 4 ብቻ ናቸው። ስለዚህ 5/8 በ4/7 ተባዝቶ 5/14፣ ወደ 0.36 ይወርዳል። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ታህቱን ወደ 7 ዝቅ አድርጎ ላዕሉን 5 ብሎ መተው ነው።

የመጀመሪያው ኳስ ቀለሙ ሳይታይ ኪስ ቢገባስ? ሁለተኛው ቀይ የመሆን ዕድሉ ተለውጧል የሚል አይጠፋም። አልተለወጠም፤ ያው 5/8 ነው። የመጀመሪያው ቀይ የሆነበት መንገድ 20/56 (5/8 በ4/7)፣ ሰማያዊ የሆነበት 15/56 (3/8 በ5/7) ይሰጣል፤ ድምሩ 35/56 ነው። ዕድሉን የሚቀይረው የኳሱ መጉደል ብቻውን ሳይሆን ስለ ቀለሙ ያገኘነው መረጃ ነው። የጥገኛ ኩነቶች፣ ማለትም የአንዱ ውጤት የሌላውን ዕድል የሚቀይርባቸው፣ ምሥጢር ያለው እዚህ ይመስለኛል፤ የማባዛት ሕጉን ከመሸምደድ በፊት ይህን ማሰላሰል ይሻላል።

ከረጢቱ 5000 ቀይና 3000 ሰማያዊ ቢይዝ ግን፣ ከአንድ ቀይ በኋላ ሁለተኛውም ቀይ የመሆን ዕድሉ፣ 4999/7999፣ ከ5/8 የሚለየው ከ0.0001 ባነሰ ነው። ያኔ እንደ ነጻ ኩነቶች ቆጥሮ ማስላት አያስወቅስም።