ዋጋ ከመናገሩ በፊት ሜትር ለሚያወጣው የድሬ ባለሙያ

የድሬና የሐረር ሙዚቃ ወዳጆች፣ ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገንና እናንተም እሱ ጋ እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለች ጠባብ ሱቁ ስፒከር ይጠግናል፣ ይመርጣል፣ ቤት ድረስ መጥቶም ያስተካክላል። ስሜን አደባባይ አታውጣው ስላለኝ አልጠራውም፤ አድራሻውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ሥራውን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አቦ ይመችህ!

ምሬቱን ላስቀድም። ውድ ስፒከር እንሸጣለን የሚሉ ቦታዎች አሉ፤ የማንንም ስም አላነሳም። አንዳቸውም “ክፍሉ ስንት በስንት ነው?” ብለው አይጠይቁም። የሚጠይቁት “ስንት ብር ይዘሃል?” ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የዋት ቁጥር እያሳዩ ያስጎመጃሉ፤ ያ ቁጥር ለቅጽበት የሚደርስበት ጫፍ እንጂ ያለማቋረጥ የሚችለው ኃይል አይደለም። መታየት ያለበት ያለማቋረጥ የሚችለውን የሚያሳየው፣ አር ኤም ኤስ የሚለው ቁጥር ነው። ትንሽ ክፍል ላለው ሰው ባለ 12 ኢንች ቁመታም ስፒከር ያሸክሙታል። ቤቱ ሲከፍተው ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ያጓራል፣ የዘፋኙ ድምፅ ይዋጣል። ተመልሶ ሲሄድ “ማጉያህ፣ አምፕሊፋየርህ ደካማ ነው” ብለው ሌላ ይሸጡለታል። የሚያሳዝነው ደግሞ ከአሜሪካ በሰው የመጣ፣ በ120 ቮልት የሚሠራ ባለ ውስጥ አምፕሊፋየር ስፒከር ያለ ማስጠንቀቂያ መሸጡ ነው። የእኛ መስመር 220 ነው፤ ሶኬት ላይ እንደተሰካ የኃይል ክፍሉ ይቃጠላል። “ከሱቅ የወጣ ዕቃ አይመለስም” ይሏችኋል፣ አለቀ።

ይህ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያወጣው ሜትር ነው። የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ይጠይቃል፤ ካላወቃችሁ “ለክታችሁ ኑ” ብሎ ይመልሳችኋል። ልክ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህን ቁጥር ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ብታካፍሉት ክፍሉ ራሱ አጉልቶ የሚያስተጋባውን የቤዝ ድምፅ ታገኛላችሁ። የእኔ ክፍል 4 በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.80 ነው። በርዝመቱ 43፣ በወርዱ 57፣ በቁመቱ 61 ኸርዝ (በሰከንድ የሚደረግ ንዝረት) ገደማ ይመጣል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተቀራራቢ ስለሆኑ ይደራረባሉ፤ ቤዝ ጊታሩ እዚያ ሲደርስ አንዷ ኖታ ከሌሎቹ ተለይታ ትጮኻለች። ርዝመትና ወርዱ እኩል የሆነ ክፍል ከዚህ ይብሳል። እንዲህ ባለ ክፍል ትልቅ ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ማስገባት እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው፤ ስፒከሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ግድግዳውን አይገፋውም።

ብሩ ተዘጋጅቶ “ትልቁን ጥንድ ስጠኝ” ስለው “ወንድሜ፣ ይህን ብሸጥልህ ነገ ትረግመኛለህ” አለኝ። ዋጋው በብዙ የሚያንስ ትንሽ ጥንድ አወጣና ያለ ምንም ማስያዣ “ቤትህ ወስደህ አድረህበት ስማው፤ ካልጣመህ መልሰው” ብሎ ሰጠኝ። በዚህ ዘመን በእጅ የያዝከውን ብር እምቢ የሚል ነጋዴ የት ይገኛል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለት ሌላ ቃል የለኝም።

ትንሽ ሳጥን ርካሽ ሳጥን አይደለም። ቢቢሲ በ1970ዎቹ ኤል ኤስ 3/5ኤ የተባለውን ስፒከር የነደፈው ከስቱዲዮ ውጭ ለሚሠሩ ጠባብ የስርጭት መኪኖች ነበር፤ ዉፈሩ ባለ 5 ኢንች፣ ሳጥኑ የአየር ቀዳዳ የሌለው ዝግ ነው፤ ዛሬም የሰው ድምፅ በማሳየት ይወደሳል፣ ዋጋውም አልወረደም። እኔ የወሰድኩት ኬፍ የተባለው ስፒከር አምራች በ2012 ያወጣውን ኤል ኤስ 50 ነው። ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ ከዉፈሩ መሃል ስለተቀመጠ በቅርብ ለሚያዳምጥ ሰው ድምፁ ከአንድ ነጥብ ይወጣል። ረጃጅሞቹ ባለ ሦስትና አራት ዉፈር ስፒከሮች ግን ድምፃቸው ተዋህዶ እስኪደርስ ርቀት ይፈልጋሉ፤ 2 ሜትር ላይ ትዊተሩን ከላይ፣ ቤዙን ከታች ለየብቻ ትሰማላችሁ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ክፍል ከ5 እስከ 6.5 ኢንች ዉፈር ያለው ሁለት መንገድ ስፒከር፣ ማለትም ድምፁን ለዉፈርና ለትዊተር ብቻ የሚያካፍል፣ ይበቃል።

እንደ እኔው የአየር ቀዳዳው ከኋላ የሆነ ስፒከር ግድግዳ ሲጠጋ ቤዙ ያብጣል። ባለሙያው ይህን አብሮ በሚመጣው የስፖንጅ መድፈኛ ፈታው፤ ቀዳዳው ሲደፈን የቤዙ ጉልበት ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚቀንሰው በቀስታ ነው፣ ክፍሉ ደግሞ የጎደለውን ታች ይሞላል። ስፒከራችሁን የግድ ከግድግዳ ጋር የምታጣብቁ ከሆነ ከመጀመሪያውም ዝግ ሳጥን ምረጡ።

የአምፕሊፋየሩን ሒሳብ ወረቀት ላይ ነው ያሳየኝ። ስፒከሩ በ1 ዋት 1 ሜትር ላይ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይሰጣል። ርቀቱ 2 ሜትር ሲሆን 6 ይቀነሳል፣ ጥንድ በመሆኑ 3 ይጨመራል፤ 82። ኃይሉ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 3 ይጨምራል፤ በ16 ዋት 94 ደረስን። ይህ ለጆሮ ከበቂ በላይ ጩኸት ነው። ንጹህ 50 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ያለው ሰው ሌላ አይግዛ።

ቤት መጥቶ የሠራውን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል። ስፒከሮቹን በአጭሩ ግድግዳ በኩል፣ ወደ ርዝመቱ እንዲያዩ አቆማቸው። በመካከላቸው 1.80 ሜትር፣ ከጎን ግድግዳ 60፣ ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 80 ሴንቲ። ለምን ሁለቱን እኩል አላደረግክም ስለው፣ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ቤዙን የሚያጠፋበት ቦታ አለ፤ በ80 ሴንቲ 107፣ በ60 ሴንቲ 143 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ርቀቱ እኩል ከሆነ ሁለቱ ጉድጓዶች አንድ ቦታ ይገጥማሉ አለኝ። ትዊተሩ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ጋር እንዲገጥም የብረት ማቆሚያ አዘጋጀ። ሶፋው ከክፍሉ መሃል ተነሥቶ ከኋላ ግድግዳ 1.5 ሜትር ላይ ሆነ፤ መሃል ላይ የርዝመቱ ቤዝ ይጠፋል፣ ግድግዳ ከተደገፈ ደግሞ ያብጣል። ያ የሶፋ መንቀሳቀስ ያመጣውን ለውጥ የትኛውም ውድ ሽቦ አያመጣውም። ለሽቦው የመረጠውም ተራ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ንጹህ መዳብ ነው። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም በመዳብ ዋጋ ስለሚሸጥ ጫፉን ፋቅ አድርጋችሁ እዩት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተውት።

ቀጥሎ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ አወጣና የባትሪውን ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ሽቦ ፖዘቲቭ ጫፍ፣ ኔጌቲቩንም ከኔጌቲቭ ነካ አደረገ፤ የሁለቱም ዉፈር ወደ ውጭ መግፋት አለበት። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦው ተገልብጧል ማለት ነው፤ ቤዙ ይሳሳል፣ መሃል መቆም ያለበት ዘፋኝም ቦታ ያጣል። ብዙ ሰው “ስፒከሩ ተበላሸ” ብሎ የሚጥለው በዚህ ነው።

የእኛ ቤት ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት ነው። አንዴ ስታጨበጭቡ ጭብጨባው ተንቀጥቅጦ ከተመለሰ ድምፁ ይረበሻል። ሶፋው ላይ ተቀምጣችሁ ሌላ ሰው መስታወት በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ፤ ስፒከሩ የሚታያችሁ ቦታ ላይ ወፍራም ነገር ስቀሉ፣ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ከባድ መጋረጃ። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ቤዙን አይነካውም፤ ከፍ ያለውን ድምፅ ብቻ በትንሹ ይነካና ክፍሉን ያደፈርሰዋል። የሐረር ወዳጆቼ፣ ነደባው (ከፍ ያለው የመቀመጫ መደብ) በምንጣፍና በትራስ የተሞላ ቤት ያላችሁ ግማሹ ሥራ ተሠርቶላችኋል።

አሮጌ ስፒከር ለምትገዙ፣ የድሬን ሙቀት አትርሱ። የዉፈሩ ጠርዝ ስፖንጅ ከሆነ ሙቀት ያፈርሰዋል፤ በጣት ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ከተፈረፈረ ዋጋውን ቀንሱ ወይም ተዉት፤ ጎማው ይሻላል። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ ከ5.5 እስከ 7 ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት፤ ምንም ካላነበበ የሆነ ቦታ ተቋርጧል። ስፖንጁን አዲስ የሚቀይርልን እሱ ነው፤ ሲቀይርም ከዉፈሩ ጋር የሚንቀሳቀሰው የሽቦ መጠምጠሚያ ማግኔቱን እየፋቀ እንዳይሆን መሃል ማስገባቱን በእጁ እየገፋ ያረጋግጣል። በችኮላ የተለጠፈ ስፒከር የሚንኮሻኮሸው በዚህ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ አምፕሊፋየር ስለሚገድል፣ መብራት ሲመለስ ኃይሉን ዘግይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር ሳያስገባ ሥራውን አይጨርስም።

እባካችሁ እሱ ጋ ሂዱ፤ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁን ከማቃጠላችሁ በፊት ሂዱ። ቀትር ላይ ይዘጋል፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይከፍታል። የክፍሉን ልክ፣ የአምፕሊፋየራችሁን የጀርባ ፎቶና ጠንቅቃችሁ የምታውቁትን ቅጂ ያዙ፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ መንዙማ ወይም የዜና አንባቢ ድምፅ ጥሩ መፈተኛ ነው። ካልገዛችሁም አይቆጣም፤ ለክቶ፣ ነግሮ ይሸኛችኋል።