ኤችደብልዩኢንፎ ከወራት በኋላ፦ አላርሙ በስንት ዲግሪ ይጩህ?

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ከብሎካችን ፊት ያለው መንገድ ገና አስፋልት አላየም። በበጋ መስኮት ተዘግቶም አቧራው ይገባል። እንዲህ ባለ ሰፈር ዴስክቶፕ ያለው ሰው ሁሉ የሙቀት መከታተያ ቢጭን ደስ ይለኛል። እኔ ከክረምት ጀምሮ የምጠቀመው ኤችደብልዩኢንፎን ነው። የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ሲሆን ለግል ጥቅም ነጻ ነው።

ፕሮግራሙ ሴንሰሮቹን በየ2 ሰከንዱ ያነብባል። የአሁኑን፣ ዝቅተኛውን፣ ከፍተኛውንና አማካዩን ጎን ለጎን ያሳያል። መጀመሪያ ሲከፈት የቁጥሩ ብዛት ያስደነግጣል። ከማዘርቦርዴ ሴንሰሮች አንዱ ሁልጊዜ 127 ዲግሪ ይላል። ምንም ያልተገናኘበት መስመር ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ደብቁትና እለፉ።

ትልቁ ሥራ አላርሙ የሚጮኽበትን ገደብ ማስቀመጡ ነው። ለሁሉም ሴንሰር 80 ብሎ መሙላት አያዋጣም። የእኔ ፕሮሰሰር ኮር አይ5-8400 ሲሆን ኢንቴል ያስቀመጠለት ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። የጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርዱ 94 ነው። የባራኩዳ ሃርድ ዲስኩ ግን 60 ብቻ። ሃርድ ዲስክ ላይ 80 ከሞላችሁ አላርሙ የሚጮኸው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በ2022 የወጡት የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ደግሞ በከባድ ሥራ እስከ 95 እንዲደርሱ ታስበው የተሠሩ ናቸው። እነሱ ላይ 80 ካላችሁ ጩኸቱ ፋታ አይሰጣችሁም። ፋታ የማይሰጥ አላርም ደግሞ ወዲያው ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው።

እኔ የተነሳሁት ከጣሪያው ሳይሆን ከማሽኑ ልማድ ነው። መስከረም ላይ የኮምፒውተሩን ኬዝ አጽድቼ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ረጅም ሬንደር (ምስል የማውጣት ከባድ ሥራ) አስጀመርኩ። ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቅሁ። ፕሮሰሰሩ 74 ላይ፣ ግራፊክስ ካርዱ 72 ላይ፣ ሃርድ ዲስኩ 38 ላይ ቆመ። ለሁለቱ ቺፖች 10 ዲግሪ፣ ለዲስኩ 8 ጨምሬ ገደብ አደረግሁት።

ዲስኩን ያጠበቅሁበት ምክንያት አለኝ። ፕሮሰሰር ጣሪያው ላይ ሲደርስ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበቃው ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። ስለዚህ እዚያ የአላርሙ ጥቅም አቧራ መሙላቱን፣ ፋን መድከሙን ወይም ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) መድረቁን ቀድሞ መንገር ነው። ሃርድ ዲስክ ግን እንዲህ ራሱን አያድንም። የልጆቻችን ፎቶ ያለው ደግሞ እሱ ላይ ነው።

የውጭ አገር ግምገማዎች ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ባሕር ዳር ካለው በአምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ የክፍላችን ቅዝቃዜ የተወሰነውን ያካክሳል።

የካቲት ላይ አላርሙ ጮኸ። ፕሮሰሰሩ ደህና ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ግን 46 ነክቷል። የኬዙን የፊት ሽፋን ስነቅለው ወንፊቱ በግራጫ አቧራ ተደፍኗል፤ እንደ ብርድ ልብስ በቁራጭ በቁራጭ ይላጣል። አየር የሚገባበት ቀዳዳ አይታይም ነበር። አጥቤ፣ አድርቄ መለስኩት። ማታውኑ 37 ሆነ። ገደቡን 60 ላይ ትቼው ቢሆን ኖሮ በጋው ሙሉ ሳላውቀው ያልፍ ነበር።

ሙቀት ብቻም አይደለም። አላርሙ ቁጥር ሲወርድም መጮህ ይችላል። የፕሮሰሰሩ ፋን በደቂቃ ከ500 ዙር በታች ሲሆን እንዲጮህ አድርጌዋለሁ። ፋን ከቆመ ሙቀቱ ሳይወጣ በፊት ይታወቃል፤ አንድ አላርም ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

የማልወድለትም አለ። ከቤት ስወጣ በስልኬ አያሳውቀኝም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እንዲነሳ ካላዘዛችሁት ዝም ብሎ ይቀራል፤ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህን የመጀመሪያ ቀን አስተካክሉት። ስቱዲዮ ወይም ሱቅ ያላችሁ ደግሞ የሚከፈልበትን ፕሮ መግዛት ይኖርባችኋል።

ገደቡ አንዴ ተሞልቶ የሚረሳ አይደለም። ሰሞኑን ቴርማል ፔስቱን አስቀይሬ ሬንደሩን ደገምኩት። ፕሮሰሰሩ አሁን 69 ላይ ይረጋል፤ አላርሙንም ከ84 ወደ 79 አውርጄዋለሁ።